የቆመውን ሕንፃ ስለ ማደስ

የአንድን ሕዝብ ሥልጣኔ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ሕንፃውን ነው። አሮጌው ቤት ፈርሶ በስፍራው አዲስ ሲቆም ሕዝቡ ወደ ፊት እንደ ተራመደ ይቈጠራል፤ የአዲስ ሕንፃ መሠረት የጣለ ሹም ስሙ በእብነ በረድ ላይ ይጻፍለታል፤ የአሮጌውን ጣራ ያስጠገነ ሹም ግን ሥራው ከኮርኒሱ በላይ ስለሚቀር ማንም አያየውም። ይህ ልማድ በብዙ አገር ሲሠራበት የኖረ ነው። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ በሕንፃ ጥበብና በአየር ጠባይ ምርመራ የታወቁት ብዙዎቹ ሊቃውንት ነገሩን በሌላ ወገን ይመለከቱታል፤ አስቀድሞ የቆመውን ሕንፃ ከማፍረስ ይልቅ ማደስ ለአየሩም ለኗሪውም ለገንዘብ ሣጥኑም ይበጃል ይላሉ። ይህ አሳብ ከምን እንደ ተነሣ፣ በሌላ አገር ምን ፍሬና ምን ጥፋት እንዳመጣ፣ ለአገራችንም በየትኛው በኩል እንደሚስማማ መርምሮ ማቅረብ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችን ነገር ሲነገር በእኛ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ሕንፃ አየርን የሚበድልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሲሠራ ነው፤ ሲሚንቶው ሲቃጠል፣ ብረቱ ሲቀልጥ፣ ጡቡ ሲተኰስ፣ ይህም ሁሉ በመኪናና በመርከብ ሲጓጓዝ ብዙ ነዳጅ ይነድዳል። ሁለተኛው ከተሠራ በኋላ ሰው ሲኖርበት ነው፤ ቤቱን ለማሞቅ ወይም ለማቀዝቀዝ፣ ለመብራትና ውሃ ለማፍላት በየቀኑ ኃይል ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ከፀሐይ የተቀበለችው ሙቀት ተመልሶ እንዳይወጣ ይከለክላል። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም መግለጫ መሠረት በ2021 በዓለም ሁሉ ከኃይል አጠቃቀምና ከፋብሪካ ሥራ ከወጣው ከዚህ ጋዝ ከመቶ 37 እጅ የሚሆነው የመጣው ከሕንፃና ከሕንፃ ሥራ ነው። እንግዲህ ስለ አየር ጠባይ መለወጥ የሚጨነቅ ሰው መኪናንና ፋብሪካን ብቻ ሲከስስ ቢውል ከራሱ በላይ ያለውን ጣራ ረስቶታል ማለት ነው።

በአውሮፓ ይህ ነገር እጅግ የተነሣበት ምክንያት ብርዱ ነው። በክረምት ወራት ቤቱ ሁሉ በጋዝ ወይም በዘይት በሚሠራ ቦይለር መሞቅ አለበት፤ ነገር ግን ብዙው ቤት የተሠራው ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ዘመን ስለ ሆነ ሙቀቱ በጣራው፣ በስሱ ግድግዳ፣ በአንድ ንብርብር መስተዋትና በበሩ ስንጥቅ ሲወጣ ያድራል። ይህ በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መጫን ነው፤ ጫኙ ቢደክምም ከቦታው የሚደርሰው ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንደሚለው በግዛቱ ካሉት ሕንፃዎች ከመቶ 85 እጅ የተሠሩት ከ2000 በፊት ነው፤ ከነዚያም ከመቶ 75 እጅ የሚሆኑት ኃይል አባካኞች ናቸው። ዳግመኛም ዛሬ ከቆሙት ውስጥ ከመቶ ከ85 እስከ 95 እጅ የሚሆኑት በ2050ም እንደ ቆሙ ይኖራሉ ተብሎ ተገምቶአል። ስለዚህ አዲሱን ቤት ብቻ በጥበብ መሥራት አይበቃም፤ መጪው ዘመን የሚኖረው በአሮጌው ቤት ውስጥ ነውና።

ይህን አይቶ ኅብረቱ በ2020 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ 35 ሚሊዮን ሕንፃዎች እንዲታደሱ አሰበ፤ በ2024ም ሕጉን አሻሽሎ አባል መንግሥታት የመኖሪያ ቤቶቻቸውን አማካይ የኃይል ፍጆታ እስከ 2030 ከመቶ 16 እጅ፣ እስከ 2035 ከመቶ ከ20 እስከ 22 እጅ እንዲቀንሱ አዘዘ። ትእዛዙ ከባድ ነው፤ ዕቅዱ ሲወጣ ኃይል ለመቈጠብ ተብሎ በየዓመቱ የሚታደሰው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ በዚያ አካሄድ ሁሉን ለመጨረስ መቶ ዓመት ይፈጃል። ከዚህ የምንረዳው ሀብታሞቹም መንግሥታት ሕግ ማውጣት ሥራ መፈጸም እንዳልሆነ በዚህ ነገር እየተማሩ መሆናቸውን ነው።

ማደስ በሥርዓት ሲሠራ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። የመጀመሪያው በኒው ዮርክ ከተማ ያለው ኤምፓየር ስቴት የሚባለው ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ ነው። ይህ ሕንፃ በ1931 ተመረቀ፤ በ2009 ባለቤቶቹ ኃይሉን ለመቈጠብ ትልቅ እድሳት አወጁ። በሕንፃው 6,514 መስኮቶች ነበሩ፤ እነርሱን አውጥቶ ከመጣል ይልቅ እዚያው በአምስተኛው ፎቅ ላይ ሥራ ቤት ተከፈተ፤ የቀድሞው መስተዋት እየታጠበ በሁለቱ ንብርብር መካከል ሙቀት የሚመልስ ስስ ልባስ ገባበት፤ ሙቀት በቀላሉ የማያሳልፍ ጋዝም ተሞላበት፤ ከዚያም ወደ ስፍራው ተመለሰ። በየመስኮቱ ሥር ካለው የሙቀት መስጫ ብረት በስተኋላም ሙቀቱ ወደ ውጭ ግድግዳ እንዳይሰርግ የሚከለክል ልባስ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ሕንፃው የሚያስፈልገው ቅዝቃዜ ስላነሰ ትልልቆቹን የማቀዝቀዣ መኪናዎች በሌላ በሚበልጥ መኪና መለወጥ ሳያሻ የነበሩትን ማደስ በቃ። ዕቅዱ የኃይሉን ፍጆታ ከመቶ 38 እጅ ለመቀነስና በየዓመቱ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ለማትረፍ ነበር፤ ለዚሁ ጉዳይ የተጨመረው ወጪ 13.2 ሚሊዮን ዶላር ስለ ሆነ በሦስት ዓመት ራሱን ይከፍላል የሚል ሒሳብ ነው።

የዚህ ሥራ ትምህርቱ በገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በቅደም ተከተሉ ነው። አስቀድሞ ብክነቱ ተዘጋ፤ መኪናው ኋላ ተመረመረ። ብዙ ሰው ግን ቤቱ ሲሞቅበት ወይም ሲበርደው መጀመሪያ የሚገዛው መኪና ነው፤ ይህም ቀዳዳውን እንስራ ሳይደፍኑ ትልቅ ቧንቧ እንደ መክፈት ይቈጠራል።

ሁለተኛው ምሳሌ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ግራን ፓርክ በተባለው ሰፈር ነው። በዚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ 530 መኖሪያዎች ያሉባቸው ሦስት ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ነበሩ። ሥራው የተሰጣቸው አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል፣ ከፍሬዴሪክ ድሩዎና ከክሪስቶፍ ኡታን ጋር፣ ሕንፃዎቹን ሳያፈርሱ በውጭ በኩል አዲስ ራሱን የቻለ ዓምድ አቁመው ወደ ጐን 3.8 ሜትር የሚሰፋ በመስተዋት የሚዘጋና የሚከፈት በረንዳ ለየቤቱ ጨመሩለት። ይህ በረንዳ በክረምት የፀሐይን ሙቀት ይሰበስባል፤ በበጋ ሲከፈት ነፋስ ያስገባል፤ ጠባብ የነበረውንም ቤት ሰፊ አደረገው። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ሥራው ሲሠራ ኗሪዎቹ ከቤታቸው አለመልቀቃቸው፣ ከተፈጸመም በኋላ ኪራዩ አለመጨመሩ ነው። ሥራው በ2019 የአውሮፓ ኅብረትን የሕንፃ ጥበብ ሽልማት አገኘ፤ ላካቶንና ቫሳልም በ2021 በዚህ ጥበብ እጅግ የከበረውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀበሉ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለይ፣ ሽማግሌውም ከለመደው ደጅ ሳይነሣ የተሠራ እድሳት ስለ ሆነ ሽልማቱ የተገባ ነው እንላለን።

ነገር ግን እውነተኛ ምርመራ መልካሙን ብቻ አይናገርም። በለንደን ከተማ በ1974 የተፈጸመው ግሬንፈል የተባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ እንዲሞቅና እንዲያምር ተብሎ ታድሶ ሥራው በ2016 አለቀ። በውጭ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የአሉሚኒየም ገበታ በመካከሉ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ ነበረበት፤ ከበስተኋላው የተደረገውም ሙቀት ጠባቂ ልባስ የሚነድድ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2017 በአንድ ወጥ ቤት የተነሣ እሳት በዚያ ልባስ ላይ ወጥቶ ሕንፃውን ከበበው፤ 72 ሰዎችም ሞቱ። ነገሩን የመረመረው ጉባኤ በ2024 የመጨረሻ ቃሉን ሲሰጥ ሞቱ ሁሉ ሊቀር ይችል እንደ ነበረ ገልጾ፣ ዕቃውን በማታለል የሸጡትን፣ ሥራውን ሳያስተውሉ የፈጸሙትንና ለብዙ ዓመት ማስጠንቀቂያውን ቸል ያለውን የመንግሥት አስተዳደር በአንድነት ወቀሰ።

በዚያው አገር የድኻውን ቤት ለማሞቅ በወጡት በቅርቦቹ ሁለት የመንግሥት ዕቅዶች የተሠራው ሥራ በ2025 በመንግሥት ሒሳብ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲመረመር፣ በውጭ ግድግዳ ላይ ልባስ ከተደረገላቸው ቤቶች ከመቶ 98 እጅ የሚሆኑት መታረም የሚያሻው ትልቅ ጉድለት ተገኘባቸው። ልባሱ ባልተማረ እጅ ስለ ተለጠፈ ውሃ ከበስተኋላው ገብቶ ግድግዳው ረጠበ፤ ሻጋታም አወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ነው። እንግዲህ ማደስ በራሱ ቅዱስ ሥራ አይደለም፤ ዕቃውን የሚመረምር፣ ሠራተኛውን የሚያስተምር፣ ለፈረመበትም የሚጠየቅ ሰው ከሌለው ካለማደስ የከፋ ይሆናል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአውሮፓን መድኃኒት ሳይመረምሩ መቅዳት አይገባም፤ ሕመሙ አንድ አይደለምና። በደጋው አገራችን ቤት በቦይለር አይሞቅም፤ የምንጠቀምበትም ኤሌክትሪክ ከሞላ ጐደል ሁሉ ከውሃና ከነፋስ የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም ይህንኑ አበርትቶታል። ስለዚህ በአዲስ አበባ አንድ አምፖል ቢጠፋ ወደ አየር ከሚወጣው ጋዝ የሚቀነሰው እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ የእኛ ሕንፃ አየርን የሚበድለው በምን በኩል ነው? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ፣ ከሁሉ ይልቅ በሚሠራበት ቀን ነው።

ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ያህል በሚግል ምድጃ ሲቃጠል ነው። ለምድጃው ከሚነድደው ነዳጅ ጢስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ በባሕርዩ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል፤ ከሲሚንቶ ሥራ ከሚወጣው ጋዝ የሚበልጠው ክፍል የሚመጣው ከዚሁ ከድንጋዩ ነው። ስለዚህ ምድጃው በንጹሕ ኃይል ቢግልም እንኳ ግማሹ እዳ ይቀራል። በዓለም ሁሉ ከሚወጣው ከዚህ ጋዝ ከመቶ ከ7 እስከ 8 እጅ የሚሆነው ከሲሚንቶ የመጣ ነው። እንግዲህ የቆመ የአርማታ ሕንፃ ማለት አንድ ጊዜ የተከፈለ እዳ ማለት ነው። መሠረቱ፣ ዓምዱና ወለሉ ከሁሉ ይልቅ ሲሚንቶና ፌሮ የበሉት ክፍሎች ናቸው፤ ጣራው፣ መስኮቱ፣ ልስኑና ቧንቧው ቢያረጁ እነዚህን መለወጥ ይቻላል። ቀለሙ ስለ ደበዘዘ ወይም መልኩ ስላረጀ ጤነኛውን አጥንት አፍርሶ ሌላ ማቆም ግን ያንኑ እዳ ሁለተኛ መክፈል ነው፤ ከእዳውም ጋር የውጭ ምንዛሪ ይከተላል፤ የፌሮው ጥሬ ብረት፣ መስተዋቱና የአሳንሰሩ ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና።

የምቾት ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ በተፈጥሮ መልካም ነው፤ ሆኖም በብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊው ከቀትር በኋላ በሙቀት ሲያልበው፣ ማለዳ ደግሞ ካፖርት ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ምክንያቱ አየሩ አይደለም፤ ቤቱ ነው። ባዶ የቆርቆሮ ጣራ ፀሐይ በመታው ጊዜ ወዲያው ይግላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ወዲያው ይበርዳል። ወደ ምዕራብ የዞረ የመስተዋት ግድግዳም ከቀትር በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ ሁሉ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባል። አባቶች ይህን በልማድ ያውቁት ነበር፤ የትግራይ ሕድሞ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በአፈር ጣራ፣ የደጋው ጭቃ ቤት በጭድ በተቦካ ግድግዳ፣ በአዲስ አበባ የቀድሞ ዘመን ቤት በሰፊ በረንዳ የቀኑን ሙቀት እያዘገየ ለሌሊት ያቈየው ነበር። ከባድ ግድግዳ ሙቀትን እንደ ጐተራ ይሰበስባል፤ ስስ ቆርቆሮ ግን እንደ ወንፊት ያሳልፋል።

መፍትሔውም ከዚሁ እውቀት የሚወጣ ስለ ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ማልበስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም ነፋስ የሚመላለስበት ቀዳዳ መተው፤ ጣራውን ፀሐይ በሚመልስ ነጭ ቀለም መቀባት፤ የጣራውን ክፈፍ ማርዘም፤ የምሥራቁንና የምዕራቡን መስኮት በውጭ በኩል በጣውላ መከላከያ ወይም በዛፍ መጋረድ፤ ለነፋስ የሚሆን ትይዩ መስኮት መክፈት ይገባል። መጋረጃው ከመስተዋቱ በውስጥ ሳይሆን በውጭ መሆን አለበት፤ ሙቀት አንድ ጊዜ መስተዋቱን ካለፈ በኋላ የውስጡ መጋረጃ አያስወጣውምና። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ፣ በሰመራና በመሳሰሉት ቈላ ስፍራዎች ደግሞ ይህ ነገር የጤና ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፍ የኃይል ድርጅት በ2018 እንደ ገለጸው በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ 1.6 ቢሊዮን የነበሩት የአየር ማቀዝቀዣዎች በ2050 5.6 ቢሊዮን ይሆናሉ። ሀብት ሲጨምር በእኛም ቈላ ይህ መኪና እየበዛ መሄዱ አይቀርም፤ ጥላ የሌለውን ቤት በመኪና ከማቀዝቀዝ አስቀድሞ ጥላውን ማዘጋጀት ብልኀት ነው።

በአገራችን ትልቅ ሕንፃ ሳይፈርስ እንዴት እንደሚታደስ ያየንበት ምሳሌ አለ፤ እርሱም የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በአርቱሮ መጸዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ስድሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ በጀት ታድሶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። በእድሳቱ ጊዜ ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲችል ተጠናከረ፤ የአፈወርቅ ተክሌም 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስተዋት ሥዕል በጥንቃቄ ተጠገነ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ እንዲህ ያለው ማጠናከር ከንቱ ወጪ እንዳልነበረ ብዙ ሰው አስተውሎአል። በታላቁ ቤተ መንግሥት የዳግማዊ ምኒልክ ግብር አዳራሽም ታድሶ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቶአል። እንግዲህ ጥበቡ የለንም ማለት አይቻልም፤ የሚያስፈልገው ለታላላቆቹ የተደረገው ጥንቃቄ በመጠኑ ለትንንሾቹም እንዲደርስ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በሌሎች ከተሞች በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶአል፤ ሌላውም ሳይፈርስ ወደ መንገድ የዞረው ፊቱ ታድሶ በአዲስ ቀለምና በመብራት አጊጦአል። ከማፍረስ ይልቅ ፊትን ማደስ የተመረጠበት ስፍራ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ፊቱ የታደሰው ቤት ጣራው የሚያፈስ፣ ጓዳው የሚሻግት፣ መስኮቱም ጥላ የሌለው ከሆነ ሥራው ገና እኩሌታ ነው። መሰላሉ ቆሞ፣ ግንበኛውም ተቀጥሮ ሳለ ክፈፉን ማርዘም፣ አሸንዳውን መለወጥና ኮርኒሱን ማልበስ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ብቻ ሌላ ጊዜ መመለስ ግን ብዙ ያስወጣል። በፊቱም ላይ የሚለጠፈው ገበታ ሁሉ ከመለጠፉ በፊት በእሳት መፈተን አለበት፤ የለንደን ሕንፃ መከራ ለእኛም ተጽፎአልና።

በዚህ አንጻር የሚነሣ እውነተኛ ተቃውሞ አለ፤ ሳንሰውረው እንመልከተው። መጸዳጃ ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ ብቻ በሆነበት፣ ግድግዳው ባዘመመበት፣ የእሳት መኪና በማይገባበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ስለ ካርቦን ብለህ በዚሁ ቈይ ማለት ግፍ ነው። ዓምዱ የበሰበሰ፣ መሠረቱ የከዳ፣ ወይም በወንዝ ጐርፍ መንገድ ላይ የቆመ ቤት መነሣት አለበት። ሕዝብም በበዛበት ከተማ አንድ ፎቅ ብቻ ይኑር ማለት አይቻልም። ክርክራችን አይፍረስ የሚል አይደለም፤ ሳይመረመር አይፍረስ የሚል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ መሠራት ከጀመሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ዓምዳቸው ጤነኛ ሳለ የፍሳሽ ቧንቧቸው፣ ጣራቸውና ደረጃቸው ማርጀት ጀምሮአል። ደረጃውና ጣራው የሁሉ ስለ ሆነ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እነዚህን ዛሬ በጥቂት ገንዘብ ካልጠገንን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚቀርብልን ጥያቄ እንጠግን ወይ የሚል ሳይሆን እናፍርስ ወይ የሚል ይሆናል፤ ያን ጊዜ በየፎቁ የሚኖረው ሕዝብ ወዴት ይሄዳል?

ስለዚህ ሥልጣኑ ላላቸው ሹማምንት አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም ከቤቶን የተሠራ ወይም በድንጋይ የተገነባ ቤት እንዲፈርስ ከመፈረሙ በፊት የመሐንዲስ የጽሑፍ ምርመራ ይቅረብ፤ በምርመራውም መሠረቱና ዓምዱ ጤነኛ መሆኑ፣ ማደሱ ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር የሚያስወጣው ገንዘብ፣ ኗሪውም የሚደርስበት ነገር ተለይቶ ይጻፍ። መፍረስ የሚገባው ቢሆን ደግሞ ድንጋዩ፣ እንጨቱ፣ ቆርቆሮውና በሩ ዳግመኛ ለሥራ እንዲውል ይለይ። ሁለተኛ፣ እድሳት ሲደረግ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ይኸውም ጣራ፣ አሸንዳና የፍሳሽ ቦይ፤ ቀጥሎ ጥላና ነፋስ፤ ከዚያ መስኮትና ኮርኒስ፤ መብራትና መኪና በመጨረሻ። ሦስተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ምሳሌ ይሁኑ፤ እድሳቱ ከመደረጉ በፊትና በኋላ የመብራትና የጄኔሬተር ነዳጅ ወጪ፣ የክፍሉም ሙቀት በቴርሞሜትር ተለክቶ በመዝገብ ይጻፍ፤ ያልተለካ ሥራ ለወሬ እንጂ ለማስረጃ አይሆንምና። አራተኛ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ በጀት ላይ በስሙ ይለይ፤ ለሌላም ሥራ እንዳይዛወር ይከልከል።

ይህ አራተኛው ነገር አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደሚነበበው በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን የቤተ መቅደሱ ፍራሽ እንዲጠገን ቢታዘዝም እስከ ሃያ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ሳይጠገን ቀርቶ ነበር፤ ሥራው የተፈጸመው ክዳኑ የተነደለ ሣጥን ተበጅቶ ገንዘቡ ለብቻው በተጠራቀመ፣ ለአናጢውና ለግንበኛውም በቀጥታ በተሰጠ ጊዜ ነው። ትእዛዝ ያለ ሣጥን ምን ያህል እንደሚዘገይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም።

ለካህናትም የምንለው አለ፤ በአገራችን እጅግ ብዙ ጥንታዊ ሕንፃ የሚገኘው በእነርሱ ጥበቃ ሥር ነውና። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሰነጠቅ ምእመናን ከቅናት የተነሣ ገንዘብ አዋጥተው በሲሚንቶ ያስለስኑታል፤ ሥራው ለጊዜው ያምራል። ነገር ግን ጭቃና ኖራ ይተነፍሳሉ፤ የገባውን እርጥበት መልሰው ያወጣሉ። ሲሚንቶ ሲለበስባቸው እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይቀመጣል፤ ግድግዳውን ከመካከሉ ያበሰብሰዋል፤ በግድግዳው ላይ ያለውንም ጥንታዊ ሥዕል ያረግፈዋል። ስለዚህ የተሠራበትን ዕቃ በዚያው ዕቃ መጠገን ይሻላል፤ ኖራ ማቡካትና ጭቃ መምረግ የሚያውቁትን አዛውንት ግንበኞችም ሳያልፉ ወጣቶችን እንዲያስተምሩ ማድረግ ይገባል። እነርሱ ካለፉ በኋላ ገንዘቡ ቢገኝ እጁ አይገኝም።

በመጨረሻም የምናስገነዝበው ይህን ነው። የዓለም አየር ጠባይ በመለወጡ ኢትዮጵያ ያላት ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ የሌላው ጥፋት በእኛ ላይ መክበዱም እውነት ነው። ሆኖም ሲሚንቶና ፌሮ መቈጠብ፣ ጣራው የማያፈስ ቤት ማግኘት፣ በቈላ ያለ ሐኪም ቤት ሕመምተኛው በሙቀት እንዳይጨነቅ ማድረግ፣ ጎረቤትንም ከጎረቤቱ አለመለየት ለማንም ተብሎ የሚደረግ ሳይሆን ለራሳችን የሚጠቅም ነው። የማፍረሻ ወረቀት በአንድ ፊርማ ያልቃል፤ ያ ፊርማ ግን የብዙ ግንበኛን ድካምና የብዙ ምድጃን እሳት ይሽራል። ስለዚህ ብዕሩን የያዘ ሹም ከመፈረሙ በፊት መሐንዲሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ መሠረቱን ይይ፤ ዓምዱን ያስመርምር፤ ኗሪውንም ይጠይቅ። ጤነኛ ሆኖ ካገኘው ጣራውን ያስጠግንለት።